ምዕራፍ ስድስት፦ ዳኛው ከምን ይበላል?

የድሮው የጎጃም ችሎት አዳራሽ አያስፈልገውም ነበር። የዛፍ ጥላ፣ የገበያ ዳር ወይም የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ይበቃዋል። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ቢጋጩ አንደኛው «በሕግ አምላክ!» ብሎ ሌላውን ያስቆማል፤ የሚያልፈውን ደህና ሰው ዳኛ ሁነን ይሉታል፤ እሱም መንገዱን ትቶ ቁጭ ብሎ ይሰማል። ተሟጋቾቹ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በትራቸውን እየሰበቁ ይከራከራሉ። ነገሩ ሲግል ውርርድ ይመጣል። አንዱ ይህን ያላስረዳሁ እንደሆን ብሎ ማር ያስይዛል፤ ባላጋራው ላለመበለጥ በበቅሎ ያሳድገዋል። እውነቱ ሲለይ የተረታው ያስያዘውን ይከፍላል። ክፍያው የሚገባው ግን ለረታው ሰው አልነበረም፤ ለዳኛው ነበር።

ይህችን ነገር ቆም ብሎ ማየት ያሻል። የመንገድ ዳኛው ቀርቶ ሹመኛው ዳኛ እንኳ ከመንግሥት የወር ደሞዝ አልነበረውም። የሚኖረው ከችሎቱ በሚያገኘው ነው። ሁለት ጎረቤታሞች በሽማግሌ ፊት ቡና ጠጥተው ቢታረቁ እሱ ምንም አያገኝም። ተካርረው፣ ተወራርደው፣ ከታች ችሎት ወደ ላይ ችሎት ይግባኝ ቢሉ ግን በየደረጃው የተቀመጠው ሁሉ ይደርሰዋል። በ1950ዎቹ ደጋ ዳሞት ተቀምጦ የጎጃምን የርስት ሥርዓት ያጠናው አሜሪካዊው የሰብ ጥናት ሊቅ አለን ሆበን ያገኘው ገበሬ ከእርሻው ባልተናነሰ ለርስት ሙግቱ የሚተጋ ገበሬ ነበር። የጎጃሜ የሙግት ፍቅር ተረት ሆኖ ሲነገር ሰምተን እንስቃለን። ሙግቱ እንዳያልቅ የሚፈልግ ሆድ በየችሎቱ እንደነበረ ግን እምብዛም አናነሳም።

ለውርርዱ የሚሟገትለት ሰው ቢኖር አንድ ጥሩ መልስ አለው። ውርርዱ ለዋሾ ዋጋ ያስከፍላል፤ በቅሎ ማጣት የሚፈራ ሰው ዝም ብሎ አይከስም። ልክ ነው። ሐሳቡ ደህና ነበር፤ ያበላሸው ገንዘቡ የሚያርፍበት ቦታ ነው።

የዚህ ምዕራፍ ጥያቄ ይኸው ነው። ወንጀልን፣ ትራንስፖርትን ወይም ቁማርን የሚመለከት ችግር በተነሳ ቁጥር መጀመሪያ የሚቀርበው ሐሳብ «ቅጣቱ ይጠንክር» ወይም «ይዘጋ» የሚል ነው። ከዚያ በፊት ግን መጠየቅ ያለበት ሌላ ነገር አለ፦ እዚህ ጉዳይ ላይ ማን ከምን ይበላል? ሲጓተትስ ከማን ኪስ ይወጣል? (ዓመተ ምሕረቱ የእኛ ነው፤ የፈረንጁ ሲሆን እ.ኤ.አ. ብዬ አመለክታለሁ።)

የችሎቱ ሆድ በአንድ ቀን አልተለወጠም። ከነጻነት በኋላ በ1934 ዓ.ም. ሁለት ነገሮች አብረው መጡ። ድንጋጌ ቁጥር 1 የጠቅላይ ግዛት ገዢዎችን የመንግሥት ደሞዝተኛ አደረገ፤ አዋጅ ቁጥር 2 ደግሞ ፍርድ ቤቶችን በእርከን አቋቋመ። በወረቀት ላይ ዳኛውም ገዢውም ከባለጉዳይ እጅ ተላቀቁ። በተግባር ግን አሮጌው ልማድ ረጅም ዕድሜ ነበረው፤ ጎጃምም ዋጋውን ከከፈሉት አንዱ ነው። በ1960 ዓ.ም. አስራትን የሚተካ የእርሻ ገቢ ግብር ታወጀ። እንደ ግብር ካየነው ከአስራቱ የከፋ አልነበረም፤ እንዲያውም ባለብዙ መሬቱን የበለጠ እንዲከፍል የታሰበ ነበር። የጎጃም ገበሬ ግን ገማቾቹን አላስገባም አለ። ግምቱ ርስቱን ለመለካት የተበጀ ዘዴ ነው ብሎ ጠረጠረ፤ በገዢው በደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ዘመን ስለ ጠብመንጃ ምዝገባውም ስለ መዋጮውም ያየው ነገር ጥርጣሬውን አጠነከረለት። ሞጣና ቢቸና ላይ አመፅ ተነሳ፤ ጦርና አውሮፕላን ተላከ። መጨረሻ ላይ ያፈገፈገው መንግሥት ነው፤ ገዢው ተነሱ፣ ውዝፉ ግብር ተማረ። ሕጉ ብቻውን ቢነበብ ያን ያህል ደም የሚያፋስስ አልነበረም። ገበሬው ያነበበው ሕጉን ሳይሆን ይዞት የመጣውን ሰው ነው።

አሁን ወደ ዛሬው ውርርድ እንምጣ።

ደብረ ማርቆስ ወይም ሌላ የአማራ ክልል ከተማ ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት የሚጠራቀመው ወጣት እጁ ላይ ትኬት አለ። ስፖርታዊ ውርርድ፣ ሰው እንደሚለው ቤቲንግ፣ በአገራችን የተስፋፋው ገና ትናንት ነው። ከዚያ በፊት ሎተሪ ነበረ፤ ቶምቦላ ነበረ፤ የቢንጎ ቤት ነበረ። የብሔራዊ ሎተሪ ዕጣ ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ የምናውቀው ነገር ነው። ሎተሪ ግን ቀርፋፋ ነው። የእንቁጣጣሽ ሎተሪ የገዛ ሰው ትኬቱን ኪሱ ከትቶ እስኪወጣ ሥራውን ይሠራል። ቤቲንግ በየሰዓቱ ይወጣል፤ ደግሞም እውቀት ይመስላል። ዕጣ አላወጣሁም፣ ኳስ ስለማውቅ ነው የቆረጥኩት ይላል ልጁ። ኳስ እንደሚያውቅ እኔም አልጠራጠርም። የማያውቀው ትኬቱ ስንት እንደሚሸጥለት ነው።

ሒሳቡ ቀላል ስለሆነ እናስላው። አንድ የቅዳሜ ጨዋታ እንውሰድ። ባለሜዳው ካሸነፈ ኦዱ (የተቆረጠው ብር የሚባዛበት ቁጥር) 2.00፣ አቻ ከወጡ 3.40፣ እንግዳው ካሸነፈ 3.60 ነው እንበል። አንድ ሰው በሦስቱም ላይ ቢቆርጥስ? በባለሜዳው 50 ብር፣ በአቻው 29 ብር ከ41፣ በእንግዳው 27 ብር ከ78 ቢያስይዝ ጨዋታው እንዴትም ያልቅ 100 ብር ያገኛል። ያወጣው ግን 107 ብር ከ19 ሳንቲም ነው። 100 ብር በ107 ብር ገዛ ማለት ነው። ልዩነቱ የቤቱ ነው፤ የትኛውም ቡድን ቢያሸንፍ የቤቱ ነው። በሌላ አነጋገር ከተቆረጠው 100 ብር ውስጥ ወደ 6 ብር ከ70 የሚሆነው ከመጀመሪያውም አይመለስም። ይህ ብቻ ቢሆን ለመዝናኛ የሚከፈል ዋጋ ነው ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር።

ነገር ግን በአንድ ጨዋታ የሚቆርጥ ማን አለ? ልጆቹ የሚወዱት አሥርና አሥራ አምስት ጨዋታ ደርበው በ20 ብር አሥር ሺህ ማለም ነው። ጨዋታ በተደረበ ቁጥር ኦዱ ይባዛል፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። የቤቱም ድርሻ አብሮ ይባዛል፤ ይህን ግን ትኬቱ ላይ የሚጽፈው የለም። ከላይ ባየነው ልክ የተሰሉ አሥር ጨዋታዎች ብንደርብ፣ በአማካይ ከ100 ብሩ ለተጫዋቾች የሚመለሰው 50 ብር ገደማ ነው። ግማሹ በሩ ላይ ቀረ።

ሌላም አለ። «በአንድ ጨዋታ ተበላሁ» የሚለው እሮሮ የቤቲንግ ቤት የዘወትር ዜማ ነው። ያናድዳል፤ ከማናደዱም በላይ «ለጥቂት ነው የሳትኩት» የሚል ተስፋ ይሰጣል። እያንዳንዱን ግምት የማግኘት ዕድሉ እኩል በእኩል ከሆነ፣ አሥሩንም የሚያገኘው ከ1,024 ትኬት አንዱ ነው። ዘጠኙን አግኝቶ በአንዱ የሚበላው ግን ከ1,024ቱ አሥሩ ነው። ከአንድ አሸናፊ ጎን ለጥቂት ነው ብለው የሚቆጩ አሥር ሰዎች ይቆማሉ ማለት ነው። ያ ቁጭት የኳስ እውቀት ማስረጃ ሆኖ ይቆጠርና ሰኞ ሌላ ትኬት ይቆረጣል። ይህን ሒሳብ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ይሠራዋል፤ ትምህርት ቤቶቻችን የፕሮባቢሊቲን ምዕራፍ በቀይና በሰማያዊ ድብልብል ኳሶች ከሚያስተምሩ በትኬት ቢያስተምሩት ምን ይጎዳል? መጽሐፉ ውስጥ ያሉትን ድብልብሎች ከረጢት ውስጥ ከትቶ ሲጫወት ያየሁት ሰው የለም።

እዚህ ላይ የዳኛው ጥያቄ ይመለሳል። ብሔራዊ ሎተሪ አስተዳደር በ1999 ዓ.ም. በአዋጅ እንደገና ሲቋቋም ሎተሪ እንዲሸጥም፣ ለሌሎች ፈቃድ እንዲሰጥም፣ ፈቃድ የሰጣቸውን እንዲቆጣጠርም ነበር። ሻጭና ዳኛ በአንድ ወንበር። በ2014 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ ሲመሠረት ሎተሪው ከሥሩ ከተሰበሰቡት የመንግሥት ድርጅቶች አንዱ ሆነ። የሆልዲንግስ ሥራ ደግሞ የመንግሥትን ሀብት አትርፎ ማሳደግ ነው፤ በዚህ አይወቀስም። አትራፊ ድርጅት ግን የተጫዋችን ቁጥር የመቀነስ ፍላጎት ሊኖረው አይችልም፤ ከየት ይምጣለት? ስለዚህ የመጀመሪያው ሐሳቤ ቀላል ነው፦ የሚሸጠውና የሚቆጣጠረው በሕግ ይለያዩ፤ ተቆጣጣሪው ደሞዙንም በጀቱንም ከፈቃድ ክፍያ ሳይሆን ከምክር ቤት ያግኝ። ከቁማር የሚገኘው ገንዘብም ለወጣቶች ማዕከልና ለስፖርት ሜዳ ይዋል የሚለውን ደግ ሐሳብ እቃወማለሁ። ሜዳው ከቁማር ከበላ የሜዳው ኃላፊ የቁማር ጠበቃ ይሆናል። ወደ አጠቃላይ ካዝና ይግባና ይጥፋ።

ግብሩም መታየት አለበት። የ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ ከዕድል ሙከራ በሚገኝ ገቢ ላይ 15 በመቶ ጣለ፤ ከ1,000 ብር በታች ያገኘውን ነጻ አደረገ። ከፋዩ አሸናፊው ነው። እስኪ አስቡት፤ ከሺህ ሰው አንድ ቀን የቀናው አንዱ ይቀጣል፣ ያስያዙት ሁሉ ተበልቶ የቀረበት ጎን ግን በዚህ ግብር አይነካም። ግብሩ ሊያርፍ የሚገባው ቤቱ ተጫዋቾች ካስያዙት ላይ የከፈለውን ዕጣ ቀንሶ በሚቀረው ላይ ነው። ልኩንም ማወቅ ያስፈልጋል። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ ላይ የውርርድ ቤቶችን ግብር 35 በመቶ አደረሰችው፤ ስፖርት ፔሳ የተባለው ትልቁ ድርጅት ለአገሪቱ ስፖርት ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ አቋርጦ ጮኸ፤ ግብሩ በዚያው ዓመት ወደ 15 በመቶ ወረደ። በ2019 እ.ኤ.አ. ደግሞ ድርጅቱ በግብር ክርክር ፈቃዱን አጥቶ ወጣ። ቁማርተኛው ግን አልወጣም፤ ወደ ሌሎቹ ሄደ። የአገሪቱ ስፖርት የለመደውን ድጎማ ማጣቱ ያልኩትን የሜዳ ነገር ያስታውሳል።

መዝጋትስ? የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በ2015 ዓ.ም. የውርርድ ቤቶችን ዘጋ። ብዙ ወላጅ እፎይ አለ፤ እፎይታቸውን አላናንቅም። ትምህርት ቤት አጠገብ የተከፈተ ቤት መዘጋቱ ደግ ነው። ነገር ግን ቴሌብር ከግንቦት 2013 ጀምሮ በየሰው ኪስ ገብቷል፤ ትኬቱም ከቤቱ ግድግዳ ወደ ስልኩ መስታወት ተሻግሯል። ቤቱ ሲኖር ቢያንስ የሚዘጋበት ሰዓት ነበረው፤ የሰፈር ሰውም ማን እንደገባ ያይ ነበር። ስልክ ሌሊት ብርድ ልብስ ውስጥ ይገባል።

ከዚህ የሚሻል መንገድ ኖርዌይ ሞክራለች። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2007 በየሱቁ የቆሙትን የቁማር ማሽኖች በሙሉ አነሳች፤ ቆየት ብላ አዳዲስ ማሽኖችን ስታስገባ እያንዳንዱ ተጫዋች በስሙ ካርድ እንዲኖረውና የቀንና የወር የኪሳራ ጣሪያ እንዲቆረጥለት አደረገች። ካርዱ ጣሪያውን ሲነካ ማሽኑ ይዘጋበታል። እኛ ዘንድ ለዚህ የሚሆን መሣሪያ አለ። የፋይዳ መታወቂያ በ2015 ዓ.ም. ሕግ ወጥቶለታል፤ ገንዘቡም በሞባይል ነው የሚተላለፈው። አንድ ፋይዳ፣ በሁሉም ድርጅቶች ላይ አንድ ሳምንታዊ ጣሪያ። ተጫዋቹ ጣሪያውን ዝቅ ማድረግ ከፈለገ ወዲያው ይሁንለት፤ ከፍ ማድረግ ከፈለገ ግን ከሰባት ቀን በኋላ ብቻ ይጽና። ሰው በተበላበት ምሽት የሚወስነውና ከሳምንት በኋላ የሚወስነው አንድ አይደለም። ትኬቱ ላይም ከኦዱ ጎን አንድ መስመር ይታተም፦ ከዚህ ዓይነት ትኬት በአማካይ ከ100 ብር የሚመለሰው ይህን ያህል ነው የሚል። የዘይት ጠርሙስ ሊትሩን ይጽፋል፤ ትኬት ለምን አይጽፍም?

ከውርርድ ቤቱ መስኮት ፊት ከሚሰለፉት መካከል የባጃጅ ሾፌሮች መኖራቸው አይገርመኝም። የእነሱ የቀን ሥራም ከውርርድ አይርቅም። ባጃጁ የሌላ ሰው ነው፤ ሾፌሩ ማታ ለባለንብረቱ የተወሰነ ገቢ ማስገባት አለበት። ነዳጁን ሸፍኖ፣ ገቢውን አስገብቶ የተረፈው የእሱ ነው። ካልተረፈ ከእሱ ይጎድላል። የሚኒባሱም፣ የአባዱላውም፣ የቅጥቅጡም ሕግ ይኸው ነው። ስለዚህ ሾፌሩ ለምን ይፈጥናል፣ ለምን ትርፍ ይጭናል ብሎ መጠየቅ ዳኛው ለምን ሙግት ይወዳል ብሎ እንደመጠየቅ ነው።

ከደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ወደ ደጀን፣ ወደ ቢቸና፣ ወደ አማኑኤል ወይም ወደ ረቡዕ ገበያ የተጓዘ ሁሉ ሥርዓቱን ያውቀዋል። መኪናው የሚወጣው ሲሞላ ነው። ታሪፉን የክልሉ ትራንስፖርት ይተምናል፤ ትኬቱ በመስኮት ይቆረጣል፤ ተራ አስከባሪው ከየመኪናው ድርሻውን ይቀበላል። ከከተማ ሲወጡ ረዳቱ በሩን ከፍቶ መንገድ ዳር የቆሙትን ይለቅማል። ትራፊክ ሲታይ «ጎንበስ በሉ» ይላል፤ ትርፎቹ ጎንበስ ይላሉ፤ ሕጋዊዎቹም ዝም ይላሉ። ዓባይ በረሃን ወርዶ ወደ ጎሃ ጽዮን ለሚወጣ መኪና ይህ ቀልድ አይደለም። ከ2000 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ አዲሱ የህዳሴ ድልድይ አለ፤ ቁልቁለቱና ጥምዝምዙ ግን ያው ነው።

የቺሊ ዋና ከተማ ሳንቲያጎ በዚህ ጉዳይ ሳይታቀድ የተሠራ ትልቅ ሙከራ ሆናለች። እዚያ አንዳንዱ የአውቶቡስ ሾፌር በቆረጠው ትኬት ልክ ይከፈለው ነበር፤ አንዳንዱ ደግሞ በቁርጥ ደሞዝ ይነዳል። በትኬት የሚከፈላቸው ሾፌሮች የፊተኛው አውቶቡስ ስንት ደቂቃ እንደቀደማቸው መንገድ ዳር ቆሞ የሚነግራቸው ሰው ሁሉ ነበራቸው፤ ለመረጃው ይከፍሉታል። አጥኚዎች ሁለቱን ሲያነጻጽሩ በትኬት የሚከፈለው ሾፌር በኪሎ ሜትር 67 በመቶ የበለጠ አደጋ ያደርስ እንደነበር አገኙ። ሆኖም የእሱ ተሳፋሪ የሚጠብቀው ጊዜ በ10 በመቶ ያንስ ነበር። ሁለተኛውን ግኝት መደበቅ አይገባም። በቁርጥ ደሞዝ የሚነዳ ሾፌር ተሳፋሪን ለማንሳት አይጣደፍም፤ አንዳንዴም አይቆምም። ደህንነቱ የሚመጣው በጥቂት ደቂቃ ትዕግሥት ነው፤ እኔ ደቂቃዎቹን እከፍላለሁ።

በእኛ ከተማዎች ወርኃዊ ደሞዝ የሚከፍል ኩባንያ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም። ወረዳ ለወረዳ በሚሄዱት መስመሮች ገንዘቡ ድሮውንም በመናኸሪያው መስኮት ነው የሚሰበሰበው። የባለመኪናዎቹ ማኅበር የአንድን መስመር የቀን ገቢ በአንድ ቋት አድርጎ፣ ማታ በተሠራው ምልልስ ቁጥር ቢያካፍለው ከፊተኛው መኪና ጋር መሽቀዳደም ትርፍ አያመጣም። ከመስኮቱ ውጭ የተጫነ ሰው ገንዘብ ግን ከቋቱ ውጭ ነው የሚቀረው፤ የሥራው ክፉ ቦታ እዚህ ነው፤ ማኅበሩ አባሎቹን ራሱ ካልጠበቀ ትራፊክ ብቻውን አይችለውም። የጠዋቱ የመጀመሪያና የማታው የመጨረሻ መኪና ደግሞ ሞላም አልሞላም በሰዓቱ ይውጣ፤ ጉድለቱን ቋቱ ይቻለው። ለሐኪም ቀጠሮ ወይም ለችሎት የሚሄድ ገበሬ ሰዓት የሚያገኘው እንዲህ ሲሆን ነው። ለባጃጅ ይህ አይሠራም፤ ሳንቲሙ በየመንገዱ ስለሚሰበሰብ የሚቆጥረው የለም።

ጎንበስ ስለሚሉትና ዝም ስለሚሉት ተሳፋሪዎች ደግሞ ኬንያ ውስጥ አንድ ርካሽ ነገር ተሞክሯል። ማታቱ በሚሏቸው ሚኒባሶች ውስጥ ሾፌሩ ሲያበር ተሳፋሪው እንዲናገር የሚገፋፋ ወረቀት ተለጠፈ፤ የትኛው መኪና እንደሚለጠፍበት የተወሰነው በዕጣ ነበር። በመጀመሪያው ጥናት ወረቀት የተለጠፈባቸው መኪኖች የኢንሹራንስ ጥያቄ ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛ ቀነሰ። ሾፌሮቹ ወረቀቱን እንዳይልጡት ምን ተደረገ? ሳምንታዊ ሎተሪ! ወረቀቱ ያልተላጠበት ሾፌር ዕጣ ውስጥ ይገባል። ቁማር እንኳ ሆዱ በሌላ ቦታ ከተቀመጠ ለሰው ነፍስ ይውላል።

ከ2015 ክረምት ወዲህ በክልሉ በቀጠለው ግጭት መንገዱ በሚዘጋበት ሰሞን ይህ ሁሉ የቅንጦት ወሬ ሊመስል ይችላል። መንገድ በሌለበት ታሪፍ የለም። በተከፈተ ቁጥር ግን የመጀመሪያው የሚመለሰው የቆየው ልማድ ነው፤ የትኛው ይመለስ የሚለው ሳይታሰብበት ያልፋል።

የወንጀል ፍትሑ ነገር ከሁለቱ ይለያል። እዚህ የሚበላ ሰው ከመፈለግ ይልቅ የማይከፍለውን ማየት ይሻላል። ሕገ መንግሥቱ የተያዘ ሰው ለጉዞ የሚወስደው ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። ከቀረበ በኋላ ግን መርማሪው ምርመራዬን አልጨረስኩም ብሎ ጊዜ ይጠይቃል፤ የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንድ ጊዜ እስከ 14 ቀን እንዲሰጠው ይፈቅዳል፤ ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም ግን አይገድብም። ምስክር አልቀረበም፣ የሐኪም ማስረጃ አልመጣም፣ ሌላ 14 ቀን። ይህ ቀጠሮ ለጠየቀው ሰው ምንም ወጪ የለውም። የሚከፍሉት ታሳሪውና ከጮቄ ተራራ ግርጌ ስንቅ ይዞ የሚመላለሰው ቤተሰቡ ናቸው፤ የመኪና፣ የስንቅ፣ የቀረ እርሻ። ዋጋ የማያስከፍል ነገር ደግሞ ይበዛል።

የድሮዎቹ ሥርዓቶች በዚህ በኩል አንድ ነገር ገብቷቸው ነበር። በቁራኛ ከሳሽና ተከሳሽ ልብስ ለልብስ ወይም በሰንሰለት ተቆራኝተው ዳኛ ፊት እስኪደርሱ አብረው ይበሉ፣ አብረው ያድሩ ነበር። አስቀያሚ ነው፤ ማንም እንዲመለስ አይመኝም። ነገር ግን መጓተቱ ከሳሹንም ስለሚያስረው እሱም ይቸኩላል። አውጫጭኝም እንዲሁ ነበር። ሌብነት ሲደርስ የአገሩ ሰው ሁሉ ይሰበሰባል፤ የቀረ ይቀጣል፤ ሌባው እስኪወጣ ሥራ የለም። ያየ ሰው ስሙ እንዳይነሳ «ወፍ» ሆነው ለተመረጡት ይነግራል፤ እነሱም ወፍ ነገረችን ብለው ያወጣሉ። የምስክር ጥበቃ ሕግ ሳይጻፍ የምስክር ጥበቃ ነበረ ማለት ነው። ጥፋቱም ከዚያው ይመጣል፦ ማሳው የሚጠብቀው ሕዝብ ቶሎ ለመበተን ሲል የጎረቤት ጠላቱን ስም ሊሰጥ ይችላል።

ዛሬ ያንን ችኮላ ያለ ጭካኔው ማምጣት ይቻላል። መርማሪው ተጨማሪ ቀን ሲጠይቅ ባለፈው 14 ቀን የሠራውን በቀን በቀን ጽፎ ያቅርብ፤ ያልሠራ እንደሆነ ታሳሪው በዋስ ይውጣ። የየጣቢያው የጊዜ ቀጠሮ ብዛት በየወሩ በፍርድ ቤቱ በር ላይ ይለጠፍ፤ የጣቢያው ሹም አፈጻጸም ከያዘው ሰው ቁጥር ይልቅ በዚህ ይመዘን። ቀላል ወንጀል ላይ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 103 የግዴታ ሥራን ስለሚፈቅድ ገበሬውን ከማሳው ሳያነሱ መቅጣት ይቻላል። ተዘዋዋሪ ችሎትም የታወቀ ነገር ነው፤ ዳኛው ወደ ወረዳው ቢሄድ አንድ መኪና ነው የሚንቀሳቀሰው፣ ምስክሮቹ ወደ ዞን ቢመጡ ብዙ።

በዋስ ከወጣ ይጠፋል የሚለው ሥጋት አለ። ኒው ዮርክ ውስጥ አጥኚዎች በጥቃቅን ክስ የተጠሩ ሰዎች ለምን እንደሚቀሩ ሲመረምሩ ብዙው የሚቀረው ረስቶ ወይም መጥሪያው ሳይገባው እንደሆነ ጠረጠሩ። መጥሪያው ቀኑና ቦታው ከላይ እንዲታይ ተደርጎ ሲቀየር የቀሪው ቁጥር 13 በመቶ ቀነሰ፤ በስልክ አጭር መልእክት ማስታወሻ ሲላክ ደግሞ 21 በመቶ። በእኛ አገር ከዚህ የበለጠ ሊሠራ የሚችል ነገር አለ፤ ዋስ አለ። የዋስትና ቅጹ ላይ የተከሳሹና የዋሱ ስልክ ቁጥር የሚጻፍበት አንድ ረድፍ ይጨመር። መልእክቱ ለሁለቱም በአማርኛ፣ በእኛው ሰዓት አቆጣጠር፣ ከቀጠሮው ሳምንት ሲቀረውና ዋዜማው ላይ ይላክ፤ ኔትወርክ ለማይደርስበት ቀበሌ ደግሞ የገበያ ቀን በሊቀ መንበሩ እጅ ይድረስ። ስልክ የሌለው ተከሳሽ ቢኖር፣ ያስያዘውን ብር ማጣት የማይፈልገው ዋሱ ጠዋት ከበሩ ቆሞ ይቀሰቅሰዋል፤ በመጀመሪያው መኪናም አብሮት ይሳፈራል።